ሊቀ ናሙና ተናኜ

ከጎረቤት ሁሉ የከፋው ጎረቤት ሁለተኛ ዲግሪውን በመማር ላይ ያለ ጎረቤት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራ ይፈልጋል። ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው ዕረፍት ይፈልጋል። ሁለተኛውን የሚማር ሰው ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ ያውም ከመጻሕፍት ቢፈልግ ምን ገዶኝ፣ የሚፈልገው ከእርስዎ ነው። «ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» ሲሉት «በምን አወቁ?» ይላል። «ይህች ላም ደህና ትታለባለች» ሲሉት «ከየትኛዋ ጋር ስትተያይ?» ይላል። «እንደምን አደርክ?» ቢሉት እንኳ መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንሽ ያስባል። ቡሬም ኖሩ መራዊ፣ ይህን ሰው ሳያውቁት አልቀሩም።

የእኔ ድርሻ የደረሰኝ በተከራይ መልክ ነው። ማህዲ እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ገበያው አጠገብ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ እንዲህ እንዲህ ያለውን እጽፋለሁ። ከእናቴ ከኡምሀኒ ጋር በምንኖርበት ግቢ፣ ከበሩ በስተቀኝ ያለችውን ክፍል የተከራየችን ተናኜ ናት። ተናኜ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ ባዮሜዲካል ሳይንስ በሚባል ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ጀመረች። ለትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ትመላለሳለች፤ የቀረውን ጊዜ እኛን ስትመረምር ትውላለች።

አገሩ ጎጃም ነውና የተማረ ሰው ያለ ማዕረግ ሲኖር ደስ አይለኝም። ስለዚህ «ሊቀ ናሙና» ብዬ ሾምኳት። ናሙና ማለት ከብዙው ላይ ተቆንጥሮ ለምርመራ የሚወሰደው ነው፤ ደም ይሁን ሽንት፣ አፈር ይሁን ወተት፣ ለእሷ ሁሉም ናሙና ነው። ሹመቱን ስነግራት አመሰገነችኝ፤ ወዲያው ደግሞ «ሌሎች ዕጩዎች ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መጀመሪያ ያስቸገረን የትምህርቱ ስም ነበር። ሰፈሩ «ባዮሜዲካል» የሚለውን እንደሰማ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሐኪም ናት ብሎ ደመደመ። ግማሹ የሕክምና ማሽን ጠጋኝ ናት አለ፤ ያን ከጠገነች ደግሞ ሌላው ማሽንም አያቅታትም ተባለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዲት ባልቴት ወገባቸውን፣ አንድ ሹፌር ቴሌቪዥኑን ይዘው መጡ። ባልቴቷን ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ መከረቻቸው። ሹፌሩን ግን ቴሌቪዥኑ ከመታመሙ በፊት ምን ምን ያሳይ እንደነበር፣ መብራት በሄደ ቁጥር ይብስበት እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን የገዙ ጎረቤቶቹም ገጥሟቸው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ሰውየው ዕቃውን አቅፎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ በር ማለፉን ትቷል።

እናቴ ነገሩን ለማጥራት ብላ አንድ ከሰዓት በኋላ አስቀምጣ ጠየቀቻት። ይህ ዲግሪ ሲያልቅ ሰውን ምን ያስችለዋል? ተናኜ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሏ ወረደችው። የዲግሪው ዓላማ ትክክለኛውን ጥያቄ ለይቶ መጠየቅ ነው አለች። የተባለውን ሁሉ ከመቀበል በፊት መመርመር ነው። ከሌላው ጋር ተባብሮ መሥራት፣ የተገኘውን ነገር ላልተማረ ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት፣ የሰውን ምስጢር መጠበቅ፣ ስህተት ሲገኝ ደግሞ የራስም ቢሆን አለመሸፈን ነው። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ልጄ፣ ይህማ ሽምግልና ነው» አለቻት። «ለዚህ እኮ ድሮ ዕድሜ ነበር የሚበቃው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተዋደዱ። ፍቅራቸው ግን ዳማከሴውን አላዳነውም። እናቴ በዳማከሴ ታምናለች፤ ጉንፋን ሲይዛት ቅጠሉን አሽታ ጭማቂውን ትጠጣለች፣ ከዚያም ይሻላታል። ተናኜ ይህን ስትሰማ «ባይጠጡትስ ኖሮ አይሻልዎትም ነበር፣ እማማ?» አለቻት። እናቴ ቅጠሏን ይዛ ጓዳ ገባች። አላህ ሲለው በዚያው ሰሞን እናቴንም እኔንም ጉንፋን ያዘን፤ ተናኜ በደስታ ግቢውን ዞረችው። እናቴ ዳማከሴ እንድትጠጣ፣ እኔ ምንም እንዳልቀምስ ተወሰነ። የእኔ ሹመት «ማነጻጸሪያ» ይባላል። ማነጻጸሪያ ማለት ሌላው ሲታከም እሱ ተቀምጦ ሲያስነጥስ የሚታይ ሰው ነው። ማር እንኳ ተከለከልኩ። በመጨረሻ ሁለታችንም በአንድ ቀን ተሻለን። ለሳይንስ ያን ያህል አስነጥሼ የምርመራውን ፍርድ ብጠይቃት «ሁለት ሰው ምንም አያሳይም፣ ጋሼ» አለችኝ።

ሱቄም አልቀረላትም። አንድ ቀን ለሠርግ ጨርቅ የሚገዙ ሴቶች መጥተው፣ ቀዩን ጨርቅ አንስተው ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደ ማንኛውም ነጋዴ አይለቅም ብዬ ማልኩ። ተናኜ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካ ነበር፤ መሐላውን ስትሰማ ቀና አለች። ከጨርቁ ጫፍ ትንሽ ቆርጣ ግማሹን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ግማሹን በሳሙና ውሃ ዘፈዘፈችው፤ ሴቶቹም ሠርጉን ረስተው ዙሪያውን ከበቧት። የሳሙናው ውሃ ቀላ። ሴቶቹ አመስግነዋት ሄዱ፤ እኔ ግን ያመሰገንኳት አይመስለኝም። «አንተም እኮ አታውቅም ነበር፣ ጋሼ፤ አሁን አወቅህ» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች።

ተናኜ ለቅሶ ቤት ስትሄድ እናቴ ከጎኗ ትቀመጣለች። ምክንያቱም ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ሟቹ በምን እንደሞተ ያውቃል፤ አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ ዓይን ነው ይላል፣ አንዱ ትኩስ በልቶ ቀዝቃዛ ጠጥቶ ነው ይላል። በዚህ ሰዓት የተናኜ አፍ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ የእናቴ ጣቶችም ከነጠላው ሥር መቆንጠጥ ይጀምራሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ቁንጥጫው እያነሰ ሄዷል። ባለፈው ጊዜ ሟቹን ምን እንደገደለው ሲከራከሩ እሷ ዝም ብላ የሟቹን ሚስት እጅ ይዛ ነበር። ማስረዳት ማለት ሁልጊዜ መናገር እንዳልሆነ መማሯን ነገረችኝ። ይህን የሚያስተምር ዲግሪ ካለ ለአንዳንድ ዘመዶቼ በነፃ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ እንዲህ እንዲህ እያለች የመመረቂያ ጥናቷ ላይ ደረሰች። ርዕሱ የሆድ ትል ነው። ትሉ ከእርጥብ አፈር በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ላይ ይጣበቅና ደም ይመጥጣል፤ ሰውን ቀስ በቀስ ያደክማል። ጥናቱን የምታደርገው በተወለደችበት መንደር ነው፤ ሰዉ ከወንዙ ውሃ ጠልፎ ድንችና ሽንኩርት ያለማል፣ በጋውን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ይቆማል። ትሉ ለስንቱ እንደደረሰ ከታወቀ ጤና ጣቢያው መድኃኒት በመንደሩ ልክ ያመጣል። ጥናቱ በሰኔ ካለቀ ደግሞ እሷ በሐምሌ ትመረቃለች፤ አንድ ኮሌጅም በመስከረም አስተማሪ አድርጎ ሊቀጥራት ቦታ ይዞላት ነበር። በክፍሏ ግድግዳ ላይ አትለጥፈው እንጂ አስተማሪ የመሆን ሕልሟን እኛ ግቢ የማያውቅ ድመት እንኳ አልነበረም። እናቴ ለምረቃው የሚሆን ነጭ ጨርቅ ከሱቄ አስመርጣኝ ለልብስ ሰፊ ሰጥታለች።

ወደ መንደሩ ስትሄድ ለየቤቱ ክዳን ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ አደለች። ስለ ሰገራ ነው የምናወራው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ሳይንስ ነው። ብዙ አያስፈልግም፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ትበቃለች ብላ በየደጁ አስረዳች። በማግስቱ ጠዋት አንድም ቤት ሳይቀር ዕቃዎቹ በክብር ተመለሱ። አንዳንዶቹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ነበር። ተናኜ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ትብብር አይታ እንደማታውቅ እየተናገረች ተመለሰች።

ውጤቱ ጉድ ነበር። በማይክሮስኮፕ ስታየው አንድም ዕቃ ሳይቀር በትል እንቁላል ተሞልቷል። ሕፃን የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ መንደሩ መቶ በመቶ ታሟል። አማካሪዋ የሆኑት ዶክተር በጣም ተደነቁ፤ ይህ ከመመረቂያ አልፎ በመጽሔት የሚወጣ ነገር ነው አሏት። እናቴ ዜናውን ስትሰማ በአንድ ጊዜ «እልል» እና «ያ ረቢ» አለች፤ ለልጅቱ ደስ ብሏት፣ ለመንደሩ አዝና።

ተናኜ ግን ደስ አላላትም። ለቀናት ምግቧን በጣቷ ብቻ ስትቆነጥር አየኋት። ምን ሆንሽ ብላት፣ መቶ በመቶ የሚባል ነገር አልወድም አለችኝ። ባዶ እግሩን የሚሄድ አለ፣ ጫማ የሚያደርግ አለ፣ መስኖ የሌለው አለ፤ ታዲያ እንዴት ሁሉም እኩል ይታመማል? ደግሞ በየዕቃው ውስጥ ያው ያልተፈጨ የሽምብራ ቅርፊት አለ። መንደር ሙሉ በአንድ ማታ ሽምብራ በላ? እኔ ጎጃሜ ነኝና ሊሆን ይችላል አልኳት። «ሊሆን ይችላል፤ ልጠይቅ» አለችኝ። ማንኩሳ ገበያ ዕቃ የማደርስበት ቀን ስለነበር በሞተር ሳይክሌ ኋላ አስቀምጬ ወሰድኳት።

እናቷ እትዬ ታንጉት በር ላይ ሲያዩን የሳቁት ሳቅ፣ ልጃቸው ጥያቄውን ስትጠይቅ ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። መጀመሪያ እንግዳ ምሳ ይቅረብለት አሉ። ከዚያ ስለ ድንች ዋጋ አወሩ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተናገሩ።

«እንዳታፍሪብን ብለን ነው፣ ልጄ። አስተማሪዎችሽ የመንደርሽን ሆድ ሊያዩ ነው ተባለ። የከፋውን አይተው ‹የማን ልጅ ናት ይህች› ቢሉሽስ? ለእንግዳ የሚሰጥ ደህናው ነው እንጂ። አንድ ጤነኛ ሰው መርጠን፣ ለሁላችንም ከእሱ አካፈልን።»

ሰውየው ማን እንደሆነ ግን እኔ ባለሁበት አልተናገሩም። ልጃቸውን ወደ ጓዳ ወስደው በጆሮዋ ነገሯት። ተናኜ ከጓዳ ስትወጣ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ለእኔም ምንም አልነገረችኝም፤ በመንገድ ላይ ብጠይቃት፣ በማግስቱ ብጠይቃት፣ እናቴን አስጠይቄ ብጠይቃት ምንም የለም። የሰው ምስጢር ነው፣ ቃል አለብኝ ብቻ ነው የምትለው። በአገሩ ሁሉ ጉልበተኛ፣ ቀይ፣ ታሞ የማያውቅ ተብሎ የተመረጠው ሰው፣ እሱ ራሱ ሆዱን ትል ሞልቶት ነበር። ሰውየውን ጤና ጣቢያ እንዳደረሰችው ብቻ አውቃለሁ።

ወደ አማካሪዋ ሄዳ ከሰውየው ስም በቀር ሁሉንም እንዳለ ነገረቻቸው። ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ናሙናው እንደገና ከተሰበሰበ ዓመቱ እንደሚያልፍ፣ የኮሌጁም ቦታ እንደማይጠብቃት አስረድተዋት እንድታስብበት ነገሯት። አስባ ተመለሰች፤ የመጀመሪያው ውጤት ይጣል አለች። በሐምሌ የእሷ ጓደኞች ፎቶ ሲነሱ እሷ ግቢያችን ውስጥ ዕቃ ታጥብ ነበር። መስከረም ላይ ኮሌጁ ሌላ ሰው ቀጠረ። እናቴ ነጩን ልብስ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ስታስገባ ማልቀሷን አልደበቀችም። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በመንደሩ ይሁን፣ በትሉ ይሁን፣ በዚህች ግትር ልጅ ይሁን። ሁለት ቀን አኩርፌያት በሦስተኛው ቀን እሷ ራሷ መጥታ ይቅርታ ብላኝ፣ ያጠፋሁት ግን ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ናሙናው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰበሰብ አይቻለሁ፤ የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ መንደሩ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጠ። እኔ ራቅ ብዬ ሞተሬ ላይ ተቀመጥኩ። ተናኜ ቆማ ስለ ትል፣ ስለ ማይክሮስኮፕ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስለ እህል ገዥ ነው ያወራቻቸው።

«ማንኩሳ ገበያ ጆንያችሁን ስታወርዱ ገዥው ከላይ ያለውን ብቻ ዘግኖ ይሄዳል?» አለቻቸው። «እጁን እስከ ክንዱ አይደለም የሚሰደው? ከታች ያለው ካልታየ ዋጋ የለም ይላችኋል። እኔም እንዲያው ነኝ። ደህናችሁን አታሳዩኝ። የሚያፍር ሰው ካለ እኔም የዚሁ መንደር ልጅ ነኝ፤ የዚህን ጊዜ የመጀመሪያዋን ዕቃ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ትሉም ተገኝቶብኛል።»

 ከዚያ የደብሩ ቄስ፣ አባ ዳኘው፣ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉና አንዷን ዕቃ ተቀበሏት። ቄሱ ከተቀበሉ ማን ይቀራል? አንዲት አሮጊት ግን ወደ ሊቀ ናሙና ጠጋ ብለው የራሳቸው ይናቅባቸው እንደሆነ ቀስ ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

የዚህኛው ጊዜ ውጤት መጥፎ ነበር፣ መቶ በመቶ ግን አልነበረም። የታመመ ነበር፣ ያልታመመም ነበር፤ መስኖ ዳር ያሉት ብሰው ተገኙ። መድኃኒቱም በዚያው ልክ መጣ። ለእሷ የቀረላት ሥራዋን በፈታኞች ፊት መከላከል ብቻ ሆነ። በዚያ ቀን ካለፈች ትመረቃለች፤ ካላለፈች ደግሞ ሁለት ዓመት ትል ስታይ ኖረች ማለት ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው የሄድነው እናቴ፣ እኔና ከመንደሩ የመጡ ሰዎች ነን። ከመንደሩ የመጡትን ይመራ የነበረው አያ ባዬ ነው። አያ ባዬን ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ፤ የተናኜ አጎት ነው፣ አባቷ ከሞተ በኋላ ያስተማራት እሱ ነው። በገበያ ቀን ግቢያችን ጎራ ይላል። በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ መድኃኒት የሚባል ነገር ከንፈሩን ነክቶት እንደማያውቅ ሲናገር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ያን ቀን አዲስ ጋቢ ደርቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ መካከል አቁሞ፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

ተናኜ ደህና አድርጋ አቀረበች። ከሌላ ቦታ የመጡት ፈታኝ ግን አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። የመጀመሪያው ናሙና ሁሉ ተጥሏል። ከአንድ ሰው የመጣ ነው ተብሏል። ይህን የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? ተናኜ የሽምብራውን ቅርፊት ነገረቻቸው። ፈታኙ አንድ መንደር አንድ ዓይነት ራት ሊበላ እንደሚችል፣ ይህም ብቻውን እንደማይበቃ መለሱላት። እሷም ልክ ናቸው አለች። ልክ ነዎት ባትል ይሻላት ነበር ብዬ ወንበሬን ጨበጥኩ።

«ሰጠሁ ብሎ ያመነ ሰው አለ?» አሏት።

«አለ። ማን እንደሆነ ግን አልናገርም። ቃል ገብቼለታለሁ።»

«እንግዲያው ተማሪዋ ያልወደደችውን ውጤት ጥላ የወደደችውን አላመጣችም ለማለት የያዝነው ያንቺን ቃል ብቻ ነው።»

«አዎ» አለች ተናኜ። ድምጿ ተሰበረ፤ አንገቷ ግን አልተሰበረም። «የእኔን ቃል ብቻ ነው።»

 እናቴ ክንዴን ይዛ ጨመቀችኝ። አማካሪዋ መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። አያ ባዬ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ፤ ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ለሊቃውንት እንደሚደረገው እጅ ነሣ። ተናኜ ዞር ብላ አይታው «ተው፣ አያ» አለችው። አልተወም።

«ጌቶቼ፣ የመጀመሪያው ሁሉ የኔ ነው» አለ። «መንደሩ ደህና ሰው ብሎ የመረጠኝ እኔን ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ አካፈልኩ። ሞፈር ስይዝ ጉልበቴ ይከዳኝ ከጀመረ ቆይቷል፤ እርጅና ነው ብዬ ከሚስቴም ደብቄ ነበር። ይህች ልጅ ደረሰችብኝ። ለማንም አልተናገረችም፣ አሳከመችኝ፣ ዘንድሮ ማሳዬን ራሴ አረስኩ። በሁለተኛው ጊዜ የሰጠኋት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የራሴ ናት። ውሸት ካለ እኔን ጠይቁኝ እንጂ እሷን አትያዙብኝ።»

ጎጃም ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻም። አያ ባዬን የሚያህል ሰው፣ ጎልማሳውን ሁሉ በጉልበቱ ሲያስንቅ የኖረ፣ የገዛ ሆዱን ጉድ በማያውቃቸው ምሁራን ፊት አወጣ። ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ፤ «ይቀመጡ፣ አባቴ» አሉት፤ ከዚያ ተነሥተው እሱ እስኪቀመጥ ድረስ ቆመው ጠበቁት። ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቁም።

ውጤቱ እስኪነገር ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አያ ባዬ ልጅቱን አዋረድኳት ይሆን ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው በሩ ተከፈተና ተናኜ ወጣች። አልፌያለሁ አላለችም። ቀጥ ብላ መጥታ ጉልበቱ ላይ ወደቀች፤ እሱም ትከሻዋን ይዞ ሊያነሣት ሲታገል አብሯት አለቀሰ። ማለፏን የሰማነው ከአማካሪዋ ነው። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የመንደሩ ሴቶችም ተቀበሏት፤ የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ሠርግ አለ ብሎ ሮጦ መጣ።

ይህን ከመጻፌ በፊት አያ ባዬን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ። ጻፈው፣ ቁመቴን ግን እንዳታሳጥረው ብሎኛል። ተናኜንም አስነብቤያታለሁ። ሁለት ቦታ ላይ አጋንነሃል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ምንጭህን አልጠቀስክም አለችኝ። ሳልወድ በግዴ አስተካከልኩት። እሷ ከመጣች ወዲህ ሱቄ ውስጥ መማል አቁሜያለሁ፤ ጉንፋን ሲይዘኝም እተኛለሁ እንጂ አልከራከርም። ግትር ናት፣ ታደክማለች፣ በጥያቄ ይዛ ምግብ ሳይበርድ አታበላም፤ እኔ ግን ከእሷ የበለጠ የማምነው ሰው የለኝም፣ ይህንንም ፊት ለፊት አልነገርኳትም። እንዲህ ያለውን ሰው አላህ ለየግቢው አንድ አንድ ይስጥልን። ሁለት ግን አንችልም።